የሒሳብ ክፍሉን አድራሻ የወሰደው ስልክ

ስልካችሁን አውጡ። ዋይፋይ ላይ ከሆናችሁ ሴቲንግ ውስጥ ግቡና የተገናኛችሁበትን ዋይፋይ ስም ንኩት። ትንሽ ወደታች ስትወርዱ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ታያላችሁ፤ 192.168.1.37 ወይም የዚህ ዘመድ የሆነ ነገር። አይፒ አድራሻ የሚባለው ይሄው ነው። የእናንተ ይመስላል እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ራውተሩ ለተወሰነ ሰዓት አከራይቷችሁ ነው። ነገ ጠዋት ያው ቁጥር ሌላ ሰው ስልክ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ለስልክ ይሄ ምንም ማለት አይደለም። ቲክቶክ ለሚከፍት ሰው ቁጥሩ 37 ሆነ 52 ምን አገባው? ስልክ ሁልጊዜ እሱ ነው ወደ ሌላው የሚሄደው፤ ወደሱ የሚመጣ የለም። ነገሩ የሚለወጠው ሌሎች ወደሱ እየመጡ የሚሠሩበት ኮምፒውተር ሲኖር ነው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር አይጠፋም።

ይህን ኪራይ የአይቲ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሩት ስሰማ ሳቄ መጣ። «ሊዝ» ነው የሚሉት። አዲስ አበባ ላደገ፣ በዚያ ላይ ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው ሊዝ ሲባል ትዝ የሚለው መሬት ነው፤ ጨረታ፣ ካሬ ሜትር፣ ካርታ። የሚገርመው ደግሞ ሁለቱ ሊዞች እኩያ መሆናቸው ነው። ለኮምፒውተሮች አድራሻ የሚያከራየው ዲኤችሲፒ የተባለው ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1993 ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው የመጀመሪያው አዋጃችን፣ አዋጅ ቁጥር 80/1986፣ የታወጀውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ልዩነቱ ዘመኑ ላይ ነው። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይዘልቃል። የራውተር ሊዝ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ነው፤ ሁለት ሰዓት ብቻ የሚሰጥም አለ።

እርግጥ መሣሪያው ዘመኑ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ግማሹ ላይ ሲደርስ «ያንኑ አራዝምልኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ራውተሩም ያራዝምለታል። ስለዚህ ነገሮች ሳይቋረጡ ከሠሩ አንድ ኮምፒውተር ለወራት ያንኑ ቁጥር ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ማንም ሳያስተካክለው የተስተካከለ ይመስላል። ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ መብራት ይጠፋል።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ከጽሑፍ ጎን ለጎን ያገኘሁትን እየሠራሁ ነው የምኖረው። ካዛንቺስ ውስጥ የሌሎች ድርጅቶችን ሒሳብ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ቢሮ ነበር፤ እዚያ በሳምንት ሦስት ቀን እገባ ነበር። አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የአሻራ ማሽን፣ አንድ ራውተር። እንደ ብዙ የአገራችን የሒሳብ ቢሮ የምንሠራው በፒችትሪ ነው። የደንበኞች ፋይል በሙሉ ያለው በዋናዋ ሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ሌሎቻችን በኔትወርክ ወደዚያ እየገባን እንሠራለን። የእኛ ኮምፒውተሮች ፋይሉን የሚያገኙት በቁጥር ነበር፤ 192.168.1.5። ይህን ቁጥር መርጦ የሰጠ ሰው የለም። ኔትወርኩ የተዘረጋ ቀን ራውተሩ ያከራየው ነው፤ የዘረጋው ባለሙያ አይቶ በአራቱም ኮምፒውተር ላይ አስገባውና ሄደ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ አድሮ ንጋት ላይ መጣ። ቀኑ የወሩ የቫት ማሳወቂያ የሚዘጋበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ዋናዋ ሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ገብታ ኮምፒውተሯን አበራች፣ በፓስወርድ እንደተቆለፈ ትታ ለአንድ ደንበኛ ጉዳይ ወደ ገቢዎች ቢሮ ሄደች። እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፒችትሪ ስንከፍት የአንድም ደንበኛ ፋይል የለም።

ኃላፊያችን ከክፍላቸው ወጡ።

«ማነው የነካው?»

ዝም አልን። ዓይን ሁሉ ወደ አንዲት ልጅ ዞረ፤ ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር ያልሞላት፣ ትናንት ማታ መጨረሻ የወጣችው እሷ ናት።

«ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነካሁም።»

«ታዲያ ፋይል እግር አውጥቶ ሄደ?»

ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ምሳ አልበላችም። አንዳንዶቻችን ደረሰኞቹን ከካርቶን አውጥተን በኤክሴል እንደገና መመዝገብ ጀመርን፤ የአንድ ወር ግዢና ሽያጭ፣ ለስንት ደንበኛ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሒሳብ ሠራተኛዋ ተመለሰች፣ ፓስወርዷን አስገባች፣ ፒችትሪን ከፈተች። ሁሉም ፋይል እዚያው አለ። የአራት ሰው ስድስት ስድስት ሰዓት፣ 24 የሥራ ሰዓት ሄዷል። ማሳወቂያው በመጨረሻው ሰዓት ገባ። ልጅቷን ይቅርታ የጠየቃት ግን አልነበረም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ «ያቺ ፋይል ያጠፋችው» ስትባል ሰምቻለሁ።

በኋላ ነገሩ ሲመረመር እንዲህ ነው የሆነው። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ራውተሩ ነው። ብዙ ርካሽ ራውተሮች ለማን የትኛውን ቁጥር እንዳከራዩ የሚይዙት በጊዜያዊ ሜሞሪ ላይ ስለሆነ ሲጠፉ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባዶ መዝገብ ይዞ ተነሳ። ኮምፒውተሮቹ ሰው መጥቶ እስኪያበራቸው ድረስ ጠፍተዋል። ስልክ ግን ባትሪ አለው! የጥበቃው ስልክ፣ ማልደው የሚገቡት የጽዳት ሠራተኞች ስልክ፣ ከታች ካለው ሱቅ ፓስወርዱን የሚያውቀው ልጅ ስልክ፤ ሁሉም ዋይፋዩን ባዩበት ቅጽበት አድራሻ ወሰዱ። 5 ቁጥር ለአንደኛው ስልክ ደረሰች። የሒሳቡ ኮምፒውተር ሲበራ «ትናንት 5 ነበርኩ» ብሎ ጠየቀ፣ ራውተሩም «5 ተይዟል፣ 9ን ውሰድ» አለው። እኛ አራታችን በ5 ቁጥር በር ቆመን ስናንኳኳ የዋልነው የአንድ ስልክን በር ነው።

ኢኮኖሚስት ሆኜ ስፈርድ ይሄ የቴክኖሎጂ ብልሽት አይደለም። ራውተሩ በሕጉ መሠረት ነው የሠራው፤ ቀድሞ ለመጣ ሰጠ። ጥፋቱ በኪራይ ቁጥር ላይ የቋሚ አድራሻ ያህል ሥራ መጫኑ ነው። የወር ኪራይ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አድራሻውን በሱቁ ታፔላ ላይ በቀለም አያስጽፍም።

የመጣው ባለሙያ በአራቱ ኮምፒውተሮች ላይ 5ን ወደ 9 ቀየረና ሄደ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሌላ መብራት፣ ሌላ ቁጥር፣ ሌላ የመምጫ ሒሳብ። በሁለተኛው ጊዜ ለየት ያለ ነገር አደረገ፤ የሒሳቡን ኮምፒውተር ከራውተሩ መጠየቅ አስተወው። በኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አድራሻውን 192.168.1.10 ብሎ በእጁ ጻፈበት። «ስታቲክ አድርጌዋለሁ፣ ከእንግዲህ አይነቃነቅም» አለን።

እውነት ነው፣ ኮምፒውተሩ አልተነቃነቀም። ችግሩ ይህን ለራውተሩ የነገረው አለመኖሩ ነው። ራውተሩ ከ2 እስከ 254 ያሉትን ቁጥሮች በሙሉ የሚያከራይ ሆኖ ነው የተዘጋጀው፤ 10ም በመካከሉ አለች። ካርታ ያልወጣለት ይዞታ በሉት። አንድ ሰኞ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ለስብሰባ የመጡ እንግዶች ዋይፋይ ገቡና 10 ለአንዱ ተሰጠች። ኮምፒውተሩ ሲበራ አንድ ቤት ሁለት ባለቤት ሆነ። ይሄ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ፒችትሪ አንዴ ይከፍታል አንዴ ይዘጋል፣ አንዱ ኮምፒውተር ይገባል ሌላው አይገባም። እንግዶቹ ሲወጡ ሁሉም ይድናል። ባለሙያው ሲመጣ ደግሞ ምንም ችግር የለም። ሐኪም ፊት እንደሚጠፋ የጥርስ ሕመም።

ካዛንቺስ ስለ አድራሻ ለማውራት ደህና ቦታ ነው። ስሙ ራሱ ከአድራሻ የመጣ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፣ በሰው አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ተቋሙም ቤቶቹም አልፈው ስሙ ቀረ። በአጠገቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ከዚያ በፊት ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ ማዕከል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ኮምፒውተር በስልክ መስመር ለኮምፒውተር ይደውላል፣ ደብዳቤውን አቀብሎ፣ የመጣውን ተቀብሎ ይዘጋል። በፊዶኔት እያንዳንዱ ጣቢያ ቋሚ ቁጥር ነበረው፤ የአፍሪካ ምድብ 5 ነበር። የሁሉም ጣቢያዎች ቁጥር ዝርዝር በየሳምንቱ እየታደሰ ለሁሉም ይበተን ነበር። ማለትም ቁጥሩን የሚጽፍ አንድ መዝገብ አለ፣ ሁሉም ያንን መዝገብ ያያል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎት እኛ ከዚያው ሰፈር ተቀምጠን ያጣነው ይህንኑ ነው፤ ቋሚ ቁጥር ነበረን፣ መዝገብ አልነበረንም።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ሲፈርስ እኛም ዕቃችንን ጭነን ወደ መሿለኪያ አካባቢ ሄድን። ያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው። ኮምፒውተሮቹ ተተከሉ፣ አዲስ ራውተር ተገዛ፣ ኢንተርኔት ገባ። ለአራቱ ኮምፒውተሮች ብቻ። የሒሳቡ ኮምፒውተር ኢንተርኔትም የለው፣ ከእኛም ጋር አይገናኝ። አዲሱ ራውተር የሚያከራየው በ192.168.8 የሚጀምሩ ቁጥሮችን ነው፤ እሱ ግን በእጅ የተጻፈበትን 192.168.1.10 እንደያዘ ነው። ሰፈሩ ፈርሶ እሱ የድሮውን የቤት ቁጥር ይናገራል። በእጅ የሚጻፍ አድራሻ ትልቁ ጣጣው ይሄ ነው፤ ራውተር ሲቀየር፣ ቢሮ ሲቀየር፣ የጻፈው ሰው ስልኩን ሲቀይር፣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ይቀራል።

ነገሩን በትክክል ያስተካከለችልን በአዲሱ ሕንፃ ላይ ለሌላ ቢሮ የምትሠራ ወጣት የአይቲ ባለሙያ ናት። «ከኮምፒውተሩ ላይ አውጪውና ራውተሩ ላይ ጻፊው» አለችኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ቤታችሁም ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አድራሻ በራሱ እንዲጠይቅ ወደነበረበት መለሰችው። ከዚያ ማክ አድራሻውን ፈለገች። ማክ አድራሻ ማለት የኔትወርክ ካርዱ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው መለያ ነው፤ አሥራ ሁለት ፊደልና ቁጥር፣ የፊተኛው ግማሽ አምራቹን ይናገራል። አይፒ ቁጥሩ ቤት ከሆነ ማክ አድራሻው አሻራ ነው። በዊንዶውስ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኦል» ጋር ስትሰጡት «ፊዚካል አድሬስ» በሚለው ፊት ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ ኮምፒውተር ሁለት ማክ አድራሻ ሊኖረው ይችላል፣ አንዱ የኬብሉ፣ አንዱ የዋይፋዩ። የኬብሉን መዝግባችሁ በዋይፋይ ከተጠቀማችሁ ራውተሩ አያውቃችሁም። ሌሎች የሚሠሩበት ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ በኬብል ይሁን፤ ይሄ ምርጫ አይደለም።

ቀጥሎ ብራውዘር ላይ የራውተሩን ቁጥር ጽፋ ገባች። ቁጥሩና የመጀመሪያው ፓስወርድ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ዲኤችሲፒ የሚለው ገጽ ውስጥ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚባል ቦታ አለ፤ በአንዳንዱ ራውተር «ስታቲክ ዲኤችሲፒ»፣ በሌላው «ባይንዲንግ» ይባላል። እዚያ «ይህ አሻራ ሲመጣ ሁልጊዜ 10ን ስጠው» ብሎ መጻፍ ነው። በቃ። ኮምፒውተሩ እንደማንኛውም ስልክ ይጠይቃል፣ ራውተሩ ግን ለእሱ የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው። 10ን ለሌላ አያከራይም፤ ባለቤቱ ለአንድ ወር ቢጠፋም ባዶውን ይጠብቀዋል። ይህ መዝገብ ከዋይፋይ ፓስወርዱ ጋር በቋሚው ሜሞሪ ላይ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋ አይጠፋም። ቢሮ ስትቀይሩም አራቱን ኮምፒውተር እየዞሩ መበርበር የለም፤ ራውተሩን ይዞ መሄድ ነው። ራውተሩ ከተቀየረ አዲሱ ላይ አንድ ቦታ መጻፍ ነው። (ሁሉን የሚያጠፋው በእስክሪብቶ ጫፍ የሚነካው የሪሴት ቀዳዳ ነው። እሱን እንዳትነኩ።)

ፕሪንተሩንም እንዲሁ አደረገችው። ፕሪንተር «ኦፍላይን» ነው እያለ የሚያናድዳችሁ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ሳይሆን ቁጥሩ ተቀይሮ ነው። የአሻራ ማሽኑም ተጨመረ። ከዚያ የኪራይ ክልሉን ጠበብ አድርጋ ከ100 ወዲያ ያለውን ለስልክና ለእንግዳ ተወችው። እኔ ይህን ክፍል ነው የወደድኩት፤ በከተማ ፕላን ቋንቋ አካባቢውን በጥቅም መለየት ነው።

ስልክን በዚህ መንገድ ቋሚ ቁጥር ልስጥ ብትሉ ግን አንድ እንቅፋት አለ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ዋይፋይ ላይ ሲገቡ እውነተኛ ማክ አድራሻቸውን ደብቀው የፈጠሩትን ያሳያሉ። ካፌ ውስጥ ማንም እንዳይከታተላችሁ ጥሩ ጥበቃ ነው። ለቤታችሁ ዋይፋይ ብቻ ማጥፋት ትችላላችሁ፤ አይፎን ላይ «ፕራይቬት ዋይፋይ አድሬስ» በሚለው ስር ታገኙታላችሁ።

ሌላው ሁልጊዜ የሚምታታው ነገር የስሙ መመሳሰል ነው። አሠሪ «ቋሚ አይፒ አስገቡልን» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊሆን ይችላል። እስካሁን ያወራሁት የግቢ ውስጥ ቁጥር ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለየግል ኔትወርኩ እንዲሆኑ ከተለዩት መካከል ናቸው፤ 192.168.1.10 በእኛ ቢሮ፣ ከታች ባለው ካፌና ባሕር ዳር ባለ ቤት በአንድ ጊዜ አለ። ሌላው ዓይነት ከውጭ የሚታይ፣ በዓለም አንድ ብቻ የሆነ ቁጥር ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር መክፈት ለሚፈልግ፣ ቅርንጫፍ ላለው ድርጅት የሚያስፈልገው ይሄኛው ነው፤ ከኢንተርኔት አቅራቢው በክፍያ ይገኛል። የቢሮው ፕሪንተር ስለጠፋበት ብቻ ይህን የሚገዛ ሰው ያላስፈለገውን ነው የሚከፍለው።

ክፍያ የመጣውም በምክንያት ነው። የአራተኛው ትውልድ አይፒ ቁጥሮች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ ከሰው ልጅ ቁጥር ያንሳሉ። የዓለሙ ማዕከል የመጨረሻዎቹን ጥቅሎች ለየአህጉሩ ያከፋፈለው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ነው። የአፍሪካን ድርሻ የሚመዘግበው መቀመጫውን ሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከአንድ ድርጅት ጋር በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ አድራሻዎች ተካሶ የባንክ ሒሳቡ እስከመታገድ ደርሶ ነበር። በእኛ ቢሮ በአንዲት 10 ቁጥር የተነሳው ጥያቄ፣ መዝገቡ ማን ጋ ነው፣ በቁጥሩ የሚታዘዘው ማነው የሚለው፣ በአህጉር ደረጃ ሲነሳ ፍርድ ቤት ነው የሚያደርሰው።

ወደ ራውተሩ ልመልሳችሁ። አሁንም በወር መጨረሻ ሥራ ሲበዛ መሿለኪያው ቢሮ እሄዳለሁ። ከራውተሩ አጠገብ ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ 1 ራውተር፣ 10 ሒሳብ፣ 11 ፕሪንተር፣ 12 አሻራ ማሽን፣ 13 የካሜራ መቅጃ፤ በየቁጥሩ ፊት ማክ አድራሻው፣ የተጻፈበት ቀን። ወረቀቱን የምትጽፈው ያቺ «ፋይል ያጠፋችው» የተባለችው ልጅ ናት፤ የራውተሩ ፓስወርድም አሁን እሷ ጋ ነው። እናንተ ቢሮ ወይም ቤት ይህን ካደረጋችሁ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ፓስወርዱን ግን ከፎቶው ውስጥ አታስገቡ።